ድንጋይ ተሸክሜ አባቴ ደጅ ልቁም ወይስ ልተወው?

ቀሃ ማዶ (ኅዳር 24)

ሰላም ለዚህ ቤት። ለዓመታት ሳነብ ኖሬ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከረዘመ ይቅርታ።

ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር፣ ከቀሃ ወንዝ ማዶ ነው። አዲስ አበባ ከገባሁ ሃያ ዓመት ሆነኝ፤ ሥራዬ ሒሳብ ነው። አባቴ ግንበኛ ነው፤ የሲሚንቶ ሳይሆን የኖራ ግንበኛ። ግንቦቹ በ1960ዎቹ ሲጠገኑ ጎረምሳ ሆኖ ኖራ በማቡካት ጀመረ፤ ከዚያ ድንጋይ ጠረበ፤ ከዚያ ካዞላ (የግንበኛ ማንኪያ) ያዘ። ኖራ ቆዳ ይበላል። የአባቴ መዳፍ ክረምት ከበጋ የተሰነጣጠቀና ነጭ ነበር፤ ቅቤ ቢቀባው አይመለስም። ልጅ ሆኜ ጉንጬን ሲዳብሰኝ ይቧጭረኝ ነበር።

በ1995 ስመረቅ መጣ። ያኔ ከጎንደር አዲስ አበባ አውቶቡሱ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገድ ላይ ይታደራል። ጋቢውን ለብሶ፣ እናቴ ያስያዘችውን አንድ ጣሳ ማርና አንድ ስልቻ ድርቆሽ ይዞ የግቢው በር ላይ ቆመ። አብረውኝ ሦስት ጓደኞቼ ነበሩ፤ የአንዱ አባት ነጋዴ፣ የአንዷ አባት ዳኛ። እጁን ሲዘረጋልን የዳኛው ልጅ መዳፉን አየችና «ማን ናቸው?» አለችኝ።

«ቤታችንን የሠሩት ግንበኛ ናቸው» አልኋት።

ሰምቶኛል። ሲሰማ አይቼዋለሁ። ወደ እሷ ዞር ብሎ በእርጋታ «አዎን፣ ቤታቸውን የሠራሁት እኔ ነኝ» አላት። ማሩንና ድርቆሹን አስረከበኝ፤ ፎቶ ሳንነሣ ተሰናብቶኝ ሄደ። ያን ሌሊት አውቶቡስ ተራ አካባቢ አድሮ በማግስቱ ተሳፈረ።

ከዚያ ወዲህ ጎንደር የሄድሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ2001 እናቴ ስትሞት። ሣልስቷ እንደወጣ ተመለስሁ። ገንዘብ እልካለሁ። በዓል ሲሆን እደውላለሁ፤ «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ»፤ አለቀ።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ደውላ ዓይኑ እየደከመ መሆኑን ነገረችኝ። ሌሊት እየተነሣ «ጉድጓዱን ውኃ አጠጡት» ይላል አለች። ጓሮ ያለው የኖራ ጉድጓዱን ማለቱ ነው።

ለጥምቀት ልሄድ አስቤአለሁ። ያንን ቀን ላንሣበት ወይስ እጁን ስሜ ዝም ልበል? ካነሣሁስ እንዴት? አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ የወሎ ሰው፣ «በአገሩ ደንብ ድንጋይ ተሸክመህ ደጁ ላይ ቁም» አለኝ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሳስበው ቲያትር መስሎ ታየኝ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

የፒያሳ ልጅ (ኅዳር 24)

ሂድ ወንድሜ። ብቻ ትኬትህን ዛሬውኑ ቁረጥ፤ ለጥምቀት ጎንደር አውቶቡሱም አውሮፕላኑም ይሞላል። አንተስ ቤት አለህ፤ እንግዳ ለሊት ማረፊያ አጥቶ መኪና ውስጥ ሲያድር አይቻለሁ።

ዝምተኛው (ኅዳር 25)

ደስ የማይልህን ልንገርህ። አባትህ ይቅርታ ጠይቀኝ ብለው አልላኩብህም። አሥራ ስድስት ዓመት ዝም ያልኸው አንተ ነህ፤ አሁን እሳቸው ዓይናቸው ሲደክም የከበደህን ሸክም እሳቸው ጫንቃ ላይ ልታራግፍ ነው። ምናልባት ረስተውት ይሆናል። ምናልባት ሌላ ታሪክ ሠርተው በእሱ ተጽናንተው ይሆናል። ሄደህ ልታፈርስባቸው ነው? ሂድ፣ ጡር እንዳይሆንብህ አስታምማቸው፤ ስለ ራስህ ግን አታውራ።

እትዬ አስካል (ኅዳር 25)

ልጄ፣ ዝምተኛው ያለውን አትስማ፤ ክፉ ልብ ኖሮት አይመስለኝም፣ ግን አልገባውም። አባት አይረሳም። ዝም ያለው አንተን ላለማሳፈር ነው፤ እስኪጠየቅ ይጠብቃል።

እኛ አገር ይህ ነገር ወግ አለው። መጀመሪያ ብቻህን አትግባ። ሦስት ሽማግሌ ትይዛለህ፤ አንደኛው የንስሐ አባታችሁ ቢሆን ይመረጣል፣ አንዱ አባትህ የሚያከብረው የሥራ ጓደኛ ይሁን። ዋዜማውን እህትህ «እንግዳ አለ» ብላ ቡና ታፍላ እንጂ ምን እንደሆነ አትንገረው። ሽማግሌዎቹ ገብተው ይቀመጣሉ፤ አንተ ውጭ ትቆያለህ። ጉዳያቸውን ተናግረው «ይግባ» ሲባል ድንጋዩን ማጅራትህ ላይ አድርገህ፣ ጫማህን አውልቀህ፣ ጎንበስ ብለህ ትገባለህ። ቀና እንዳትል። ድንጋዩን የሚያወርድልህ እሱ ወይም ሽማግሌ ነው፤ አንተ ራስህ እንዳትጥለው! ከዚያ ሽማግሌዎቹ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላሉ፤ እሱም ይመልሳል። ጉልበቱን ትስማለህ።

ቲያትር ነው አልህ። ልጄ፣ አፍ ሲተሳሰር አካል እንዲናገር ነው የተሠራው። ባሌ ከወንድሙ ጋር የታረቀው በዚህ መንገድ ነው፤ ሁለቱም አንድ ቃል አልተናገሩም።

ተመላሿ (ኅዳር 27)

እኔም ተመልሻለሁና ሌላውን ገጽ ልጨምር። ዘጠኝ ዓመት አረብ አገር ሠርቼ ጎንደር ስገባ እናቴ በሩን ከፍታ «ማንን ፈልገሽ ነው?» አለችኝ። በላክሁት ገንዘብ ወንድሜ ቤት ሠርቷል፤ ካርታው በእሱ ስም ነው። ሽማግሌ ተላከ፣ ድንጋይ የተሸከመ ግን የለም፤ እስካሁን አንነጋገርም። እንጀራ ጋግሬ ለሆቴሎች አስረክባለሁ። ጧት አሥር ሰዓት ተነሥቼ ምጣዱ ሲግል ሰላም ይሰማኛል። ያለፈው ነገር ተፈታ ወይ ብትሉኝ አልተፈታም። ሂድ፤ ግን ሁሉም ነገር በአንድ ቡና ያልቃል ብለህ አትሂድ።

የአዘዞው (ኅዳር 28)

የርእሱ ባለቤት ይቅር ይበለኝና፣ የአባትህ ሥራ በጣም ገርሞኛል። ግንቦቹን ፖርቱጋሎች ሠሩ የሚለውን ወሬ እስከ መቼ ነው የምንሰማው? ዐፄ ፋሲለደስ ከፖርቱጋሎች ጋር የመጡትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን፣ ኢየሱሳውያንን፣ አባርሮ ከተማዋን የቆረቆረው በ1628 ዓ.ም. ነው። አባርሮ ሲያበቃ ግንብ ያሠራቸዋል? ድንጋዩ የተያያዘበት ማልታስ በእንቁላል ተለውሶ ነው አይደል የሚባለው?

ቀሃ ማዶ (ኅዳር 28)

አባቴን ልጅ ሆኜ ስለ እንቁላሉ ጠይቄው ነበር። «ያን ሁሉ ዶሮ ማን ቀለበው?» አለኝ። ማልታው ኖራና አሸዋ ነው።

መሐንዲስ ከባሕር ዳር (ኅዳር 29)

ለአዘዞው፦ ኖራ ወደ ግንባታችን የገባው ከፋሲለደስ በፊት፣ በአባቱ በሱስንዮስ ዘመን መሆኑን የዘመኑ የኢየሱሳውያን ጽሑፎች ይናገራሉ፤ የኖራ ድንጋዩን ለይቶ ያወቀውም ከህንድ የመጣ ሰው ነበር ይላሉ። እንግዲህ የእጅ ሙያው ከብዙ አገር ተገናኝቶ እዚህ አገር ግንበኛ እጅ ላይ የበሰለ ነው። እኔ በዚህ አላፍርም።

ለርእሱ ባለቤት ግን የምለው ሌላ ነው። ጣሊያን ጎንደርን ከ1928 እስከ ኅዳር 1934 ሲይዝ ፒያሳን መሥራት ብቻ ሳይሆን ግንቦቹንም በሲሚንቶ ነካክቷል። ከዚያም በኋላ በቅን ልብ በሲሚንቶ የጠገነ ብዙ ነው። ውጤቱን እናያለን፤ ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ይጠነክራል፣ እርጥበትም እንደ ልብ አያሳልፍም። ውኃው መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣና ጨው ፊቱን እንደ ቅርፊት ይልጠዋል። እንግዲህ በኖራ መሥራት የሚያውቅ ሽማግሌ፣ ያውም ጓሮው ጉድጓድ ያለው፣ በቁሙ እያለ እናንተ ስለ ድንጋይ መሸከም ትከራከራላችሁ! ጉድጓዱ ስንት ዓመቱ ነው? ብትነግረኝ ደስ ይለኛል።

አወያይ (ኅዳር 29)

ማን ሠራው የሚለው ክርክር የራሱ ክር አለው፤ እዚያ ቀጥሉ። እዚህ ስለ አባትና ልጅ ነው።

ቀሃ ማዶ (ጥር 16)

ጠፋሁ። ያለሁት ጎንደር ነው። ብዙዎቻችሁ በግል ጠይቃችሁኛልና እነሆ።

የገባሁት ጥር 7 ነው። አባቴ ደጅ ላይ ተቀምጦ ነበር። ድምፄን ሲሰማ «መጣህ?» አለ፤ እንደ ትናንት። ዓይኑ ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ መልክ አይለይም። እጄን ይዞ መዳፌን በአውራ ጣቱ ሲያሸው ቆየ። ምንም አላለም። እኔ ግን ምን እያሰበ እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ፤ እንደ ሕፃን እጅ የለሰለሰ መዳፍ ነው ያለኝ።

እትዬ አስካል፣ እርስዎ እንዳሉት አደረግሁ። ሦስት ሽማግሌ ያዝሁ፤ የንስሐ አባታችን፣ አንድ ጎረቤትና አብሮት ድንጋይ ይጠርብ የነበረ ጓደኛው። ጥር 9 ከሰዓት በኋላ ነው። ድንጋዩን ከወንዙ ዳር አነሣሁ፤ አስቤበት ከባድ መረጥሁ፣ ምናልባት አሥራ አምስት ኪሎ ይሆናል። ጫማዬን አውልቄ በረንዳው ላይ ጎንበስ ብዬ ስጠብቅ የእህቴ ልጆች በመስኮት እያዩ ይስቁ ነበር። ውስጥ ቄሱ ይናገራሉ፤ የምሰማው ግን የራሴን ትንፋሽ ነው። «ይግባ» ተባለ።

ገባሁ። እግሩ አጠገብ ተንበረከክሁ። ቄሱ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ዝም። ሁለተኛ አሉ። አባቴ እጁን ሰደደ፤ ራሴን የሚዳስስ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንሁ። ድንጋዩን ነው የዳሰሰው። ከማጅራቴ ላይ በሁለት እጁ አወረደው፣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፣ አገላበጠው። በጥፍሩ ጫረው። አንድ ጠርዙን በጉልበቱ ሁለት ጊዜ አስደገፈው፤ እምቢ አለው።

«ይህን ከየት አነሣኸው?» አለ።

«ከወንዙ» አልሁ፣ መሬት እያየሁ።

«ፊት የለውም» አለ። ግንበኛ ድንጋይ ፊት የለውም ሲል ወደ ውጭ ሆኖ የሚታይ ቀጥ ያለ ጎን የለውም ማለቱ ነው። ቄሱ ደነገጡ፤ ጠራቢው ጓደኛው ሳቁን መያዝ አቃተው። አባቴ ግን እየቀለደ አልነበረም። ትንሽ አሰበና «ለመሙያ ይሆናል፤ ግድግዳው ሥር አስቀምጠው» አለኝ። ከዚያ ወደ ቄሱ ዞሮ «ይቅር ብዬዋለሁ፤ ያኔውኑ ብዬዋለሁ» አለ። ቡና ተጠጣ።

በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሌሊት ላይ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ራሱ አነሣው። «ቃሉ አይደለም የከፋኝ» አለ። «እኔም ልጅ ሆኜ አባቴን ለቀጣሪ ክጃለሁ። የከፋኝ ፎቶው ነው። እናትህ ፎቶ ይዤላት እንድመጣ ነግራኝ ነበር። ካሜራው ተበላሸ አልኋት። ፎቶ አንሺውን ስትረግመው ኖረች።»

ለዚህ ሽማግሌ የለውም። እናቴ ሞታለች። ግንባሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ አለቀስሁ፤ እሱም አላባበለኝም። ጥሩ አደረገ።

ተመላሿ (ጥር 16)

«ጥሩ አደረገ» ያልኸው ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ዝምተኛው (ጥር 17)

ተሳስቼ ነበር። ማለቴ፣ በከፊል። እሳቸው ሌላ ታሪክ ሠርተው ነበር፤ ለእናትህ እንጂ ለራሳቸው አልነበረም።

መሐንዲስ ከባሕር ዳር (ጥር 17)

ስለ ጉድጓዱ አልመለስህልኝም።

ቀሃ ማዶ (ጥር 19)

መሐንዲሱ አይለቅም! ጉድጓዱ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እናቴ በሞተች በዓመቱ ያበሰለው የመጨረሻ ኖራ ነው። «ማብሰል» ይለዋል፤ በእሳት የተቃጠለው የኖራ ድንጋይ ላይ ውኃ ሲፈስበት እንደ ድስት ይንተከተካል፣ ይጮሃል፣ ይተናል። ልጅ ሆነን እንዳንጠጋ በአለንጋ ያባርረን ነበር፤ ዓይን ያጠፋልና። ከዚያ ተጠልሎ ጉድጓድ ይገባል፣ ላዩ ውኃ ተደርጎበት ይቀመጣል። ውኃው ካለቀ ከአየር ይገናኝና ድንጋይ ይሆናል። ለዚህ ነው ሌሊት የሚጮኸው።

የእንጨቱን ክዳን አንሥቼ፣ ውኃውን ገለል አድርጌ በካዞላ ጫፍ ቆንጠር አደረግሁለት። ልክ እንደ ጥሩ ዐይብ ነው፤ ካዞላው ላይ ይቆማል፣ ሲያዘነብሉት ይለቃል። አባቴ በሁለት ጣቱ አሽቶ አሸተተውና «ደርሷል፤ የሚሠራበት የለም እንጂ» አለ።

በከተራ ዕለት ወደ ፋሲል መዋኛ ወሰድሁት። ታቦቶቹ ሲገቡ፣ ሕዝቡ ሲዘምር፣ እሱ የሚጠይቀኝ ሌላ ነው። «ውኃው እስከ ስንተኛው ረድፍ ደርሷል? የዛፎቹ ሥሮች ያቀፉት ግድግዳ ረጥቧል?» ውኃው ከቀሃ በቦይ ነው የሚገባው፤ ቀኑ ሲያልፍ ይለቀቃል። «በየዓመቱ እየራሰና እየደረቀ እስካሁን የቆመው ኖራው ስለሚተነፍስ ነው» አለኝ፤ ከዚያ ታቦቱ ሲያልፍ ተንበረከከ።

የሥራ ፈቃዴ ጥር 21 ያልቃል። እስኪ እናያለን።

የፒያሳ ልጅ (የካቲት 30)

ተመለስህ እንዴ?

ቀሃ ማዶ (ሚያዝያ 2)

አልተመለስሁም። የማይመስል ነገር ስለሆነ ለመጻፍ አፍሬ ነበር።

ለሥራ ፈቃዴ ሁለት ሳምንት አስጨመርሁ፤ ከዚያ ለቀቅሁ። የሦስት ነጋዴዎችን ሒሳብ በኮምፒውተር እየሠራሁ እልካለሁ፤ መስመሩ ሲፈቅድ። ገቢዬ ከቀድሞው ግማሽ አይሞላም። ባለቤቴ አልተደሰተችም፤ እሷና ልጃችን አዲስ አበባ ናቸው፣ ለፋሲካ ይመጣሉ፣ ያን ጊዜ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ይህን የምጽፈው አንዳንዶቻችሁ በግል «እንዴት ደስ ይላል» ስላላችሁኝ ነው። ቤቴ ውስጥ ሁሉም ደስ አላለውም።

የሆነው እንዲህ ነው። የግቢያችን ግድግዳ ሆዱን ነፍቶ ነበር። አባቴ ወንበሩን አስወጥቶ «አፍርሰው» አለኝ። አፈረስሁ። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ተማሪ ሆንሁ። እሱ አያይም፤ ግን በመዶሻዬ ድምፅ ያውቃል። ድንጋዩ ላይ ስመታ «ቦታው አይደለም፤ ድምፁ ደንቁሯል፤ ከደም ሥሩ ምታው» ይላል። ቱንቢውን ራሱ በጣቱ ይዳስሳል። አንዱ ለኖራ ሦስቱ ለአሸዋ፣ አሸዋው ታጥቦ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ በዱላ መውቀጥ። ውኃ ልጨምር ስል ይቆጣል። «ይለስልሳል፤ ታገሠው።» የመጀመሪያዎቹን ሁለት ረድፎች ሦስት ጊዜ አስፈረሰኝ። ሦስተኛው ላይ ተናደድሁና «ማን ያየዋል?» አልሁት። «ግድግዳው» አለኝ።

ሲሚንቶ በማግስቱ ይጠነክራል፤ ኖራ ግን አየር እየሳበ ቀስ ብሎ ነው ድንጋይ የሚሆነው። ቶሎ ከደረቀ ይፈረፈራል። ስለዚህ የረጠበ ጆንያ ይሸፈናል፤ ጧትና ማታ ይረጫል። እህቴ «ሕፃን ነው ያሳደጋችሁት» ትላለች።

በኋላ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ሊያዩ መጡ። የአጥራቸው ግንብ ከዓመታት በፊት በሲሚንቶ ተለስኖ ድንጋዩ እየተላጠ ነው። አሁን እሱን እየሠራን ነው፤ እኔና ሁለት ወጣቶች፣ አባቴ ጥላ ሥር ተቀምጦ። አንደኛው ወጣት ግንባታ ኮሌጅ የጨረሰ ነው፤ ኖራ በእጁ ነክቶ አያውቅም ነበር። ዝናቡ ሳይገባ፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ ማለቅ አለበት፤ በክረምት ኖራ አይያዝም።

መዳፌ ተሰነጣጥቋል። ቅቤ እየቀባሁት ነው፤ አይመለስም።

መሐንዲስ ከባሕር ዳር (ሚያዝያ 2)

ጓንት አድርግ! አባትህ አላደረጉም ብለህ አንተም አታድርግ ማለት አይደለም። መነጽርም። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ኖራ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ውኃ ታጠብና ሐኪም ቤት ሂድ። በግንቦት መጥቼ ማየት እችላለሁ? ሦስት ተማሪዎች ይዤ።

ቀሃ ማዶ (ሚያዝያ 3)

ኑ። አባቴ «መሐንዲስ ከሆነ ማልታ ያቡካ» ብሏል። ጓንት ገዝቻለሁ፤ ለወጣቶቹም።

እትዬ አስካል (ሚያዝያ 4)

ልጄ እግዚአብሔር ይስጥህ። ሚስትህን ግን አደራ፤ ለአባትህ ያሳየኸውን ትሕትና ለእሷም አሳያት። እሷም ደጅ ድንጋይ ያስፈልግህ ይሆናል። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ያ ድንጋይ ምን ሆነ?

ቀሃ ማዶ (ሚያዝያ 4)

ስለ ባለቤቴ ያሉትን ተቀብያለሁ፤ ሌሊቱን ሳስብበት አደርሁ።

ድንጋዩ ግድግዳው ውስጥ ነው፤ ሁለቱ ፊቶች መካከል፣ በሦስተኛው ረድፍ። አባቴ ራሱ ነው የከተተው። ዙሪያውን በማልታ ሞልቶ፣ በትናንሽ ጠጠር ጠቅጥቆ፣ በመዳፉ መታ መታ አደረገውና «የሚቀጥለውን አቀብለኝ» አለኝ።